ካፒቶሊናን ጥብቆዋ ውስጥ የሰፋሁበት እሑድ

ሰው ሲያረጅ እጁ ይንቀጠቀጣል ይላሉ። ውሸት ነው። የኔ እጅ ዛሬም አይንቀጠቀጥም፤ መንቀጥቀጥ ቢያውቅ ኖሮ ያን እሑድ ይንቀጠቀጥ ነበር። ስሜ ኡስቲኒያ ነው። እዚሁ ፔትሮግራድ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ቴአትር ቤት፣ የባሌት ተወዛዋዦችን ሳለብስና ሳስወልቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ጦርነቱ እንደ ጀመረ የከተማችንን ስም “ጀርመን ጀርመን ይላል” ብለው ቀየሩት። የኔን ኑሮ ግን ማንም አልቀየረውም። ለነገሩ የማወራው ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ካፒቶሊና ነው። ስለ እሷ ሳወራ ግን ራሴን መዝለል አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ትሰማላችሁ።

ካፒቶሊና ስሟ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍላት ዓይነት አልነበረችም። መድረካችን ላይ ከኋላ የተንጣለለ ሐይቅ የተሳለበት ትልቅ ሸራ አለ። የመጨረሻው ረድፍ የሚቆመው እዚያ ሸራ ሥር ስለሆነ፣ እኛ ቤት የኋለኞቹን “የውኃ ዳሮቹ” እንላቸዋለን። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ውኃ ዳር የቆመች ልጅ ጡረታዋም ከዚያው ይወጣል። ካፓ — እንደዚያ ነበር የምጠራት — በዘጠኝ ዓመቷ ወደ ቴአትሩ ትምህርት ቤት ገባች፤ እናቷ ልብስ አጣቢ ነበረች፣ የምታበላት አልነበራትም። በአሥራ ስምንቷ ከውኃው ዳር ሦስተኛ ቦታ ተሰጣት። በሠላሳ ሦስቷም እዚያው ሦስተኛ ነበረች። አንድ ቀን ታይቷን ስታወልቅ፣ “አክስቴ ኡስቲኒያ፣ የጓደኞቼን መልክ ውጪ ባገኛቸው አልለየውም። ማጅራታቸውን አሳዪኝ፣ አንድ በአንድ ስማቸውን እነግርሻለሁ” አለችኝ። ሳቅን። አሁን ሳስበው የሚያስቅ አልነበረም።

እናትየዋ ስትሞት አምስት ዓመት የሞላው ሳቫ የሚባል ወንድም ትታላት ሄደች። ካፓ ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ጎመን ሾርባና ጥቁር ዳቦ እያበላች፣ የመድረክ ጫማዋን ክር ራሷ እየጠገነች አሳደገችው። ባል ሊያገባት የፈለገ አልጠፋም፤ አንድ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ሁለት ዓመት ሙሉ ደጇን ሲጠና ነበር። “ልጁስ?” ስትለው ጠፋ። እሷም አላዘነችም። ሳቫ ለእሷ ወንድምም ልጅም ነበር፤ በዚህ ምድር ላይ የራሴ የምትለው እሱን ብቻ ነው።

ልጁም ይወዳት ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ግን ያፍርባት ነበር። በአሥራ ሦስት ዓመቱ አንድ ጎረምሳ “የአንተ እህት ለመሳፍንቱ እግሯን የምታሳየው ናት አይደል?” ቢለው ጥርሱን አወለቀለት። ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ “እህቴ አስተማሪ ናት” ይል ጀመር። ካፓ ይህን ታውቃለች። ሲያድር እሷም ለመደችው፤ ሰፈር ውስጥ ግራጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ ነው የምትሄደው፣ ልክ እንደ አስተማሪ። እኔ ንድድ ይለኝ ነበር። “የበላው እንጀራ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቅ!” ስላት፣ “ተዪው አክስቴ፣ ልጅ ነው” ትለኛለች።

እንግዲህ ልጁ አሥራ ዘጠኝ ሲሞላው ጠመንጃ ሰጡት። በየካቲት ወር፣ ጦርነቱ በጀመረ በሁለተኛው የበረዶ ክረምት፣ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ከዋርሶ ጣቢያ ይሄዳል ተባለ። እሑድ ደግሞ የቀን ትርኢት አለን። ካፓ ፈቃድ ልትጠይቅ ተቆጣጣሪው ዘንድ ገባች። ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። “ረድፉ ሠላሳ ሁለት ነው። ሠላሳ አንድ ሴት ያለችበት ሐይቅ አላውቅም” አላት። ሐይቁ ራሱ ሸራ ላይ የተሳለ ሆኖ ሳለ!

ከተቆጣጣሪው ቢሮ ወጥታ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። ለምን እኔ ጋ እንደ መጣች እንዲገባችሁ የመንጠቆውን ነገር መናገር አለብኝ። የተወዛዋዥ ጥብቆ፣ ያ የተነፋፋው ጉርድ የተሰፋበት የላይ ልብስ፣ ከኋላ በመንጠቆ ነበር የሚቆለፈው። መንጠቆው ከጀርመን አገር ነበር የሚመጣው። ጦርነቱ ሲመጣ መንጠቆው ቀረ። የነበረው ዝጎ ሲያልቅ ልጆቹን ከማጅራት እስከ ወገብ ጥብቆው ውስጥ መስፋት ጀመርን። በየትርኢቱ እሰፋቸዋለሁ፣ መጋረጃው ሲወርድ በመቀስ እቀዳቸዋለሁ። ክሩን ደርቤ፣ ሰም ቀብቼ፣ ቋጠሮው እንዳይታይ ወደ ውስጥ ደብቄ። የኔ ስፌት ሳይቀደድ አይለቅም፤ በዚህ እኮራ ነበር። መቀሶቹን ደግሞ ሦስተኛው ደወል ሲደወል የልብስ ክፍሏ ኃላፊ እመት አዴላይዳ ሰብስባ ትቆልፋለች። ምክንያቱም ባለፈው ዓመት አንዷ ልጅ በትርኢቱ መሐል ልብሷን ቀዳ አውልቃ ከአንድ መኮንን ጋር ጠፍታ ነበር። መድረኩ ላይ ጉድ ሆነ፣ መቀስም፣ ቢላና ምላጭም ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሰረ። የጠፋችው አንድ፣ የታሰርነው ሁላችን።

“አክስቴ፣ የፊታችን እሑድ አትስፊኝ” አለችኝ ካፓ እጄን ይዛ። “ሳሳ አድርገሽ ሦስት ቦታ ብቻ ጠቅ ጠቅ አድርጊው። ሦስተኛው ክፍል የመንደር ሰርግ ነው፣ እኛ የለንበትም። በእረፍቱ በጥሼው አውልቄ፣ ግራጫ ቀሚሴን ለብሼ እሮጣለሁ። አራተኛው ሳይጀምር እመለሳለሁ።”

“ሦስት ቦታ ብቻ? ስትንጠራሪ ተተርትሮ ጀርባሽ ቢታይስ?”

“ከውኃው ዳር ማን ያየኛል?”

እውነቷን ነው። አሥራ አምስት ዓመት ማንም አላያትም። “እሺ ልጄ፣ አፌ ቁርጥ ይበል፣ ሦስት ቦታ” አልኳት። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። የልምምድ እግር ማሞቂያዋን ተርትራ ለሳቫ ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ሠርታለታለች፤ በጨርቅ ቋጥራ ለእሑድ አስቀምጣዋለች።

እሑድ ደረሰ። የልብስ መልበሻው ክፍል ቀዝቃዛ ነው፣ እንጨት ተወዶ ምድጃው ግማሽ ብቻ ይነዳል። ልጆቹ ተሰልፈው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል፣ እኔም እየሰፋሁ፣ አፌም እየሠራ። ጎኔ የምትሰፋው ግላፊራ የምትባል ምላሰኛ ሴት ናት። በዚያች ቀን ጠባችን ስለ ቀሚስ ነበር። አያችሁ፣ ከጦርነቱ በፊት የከተማው እመቤቶች ጉልበታቸው ላይ ጥብቅ የሚል ቀሚስ ለብሰው እግሯ እንደ ታሰረ ዶሮ ሲንፏቀቁ ነበር የከረሙት። ከዚያ እኛ ቤት የምሥራቅ አገር ታሪክ ያለበት ባሌት ሲታይ፣ ጠምጣሚዎችና ባለ ሱሪዎች ሆኑ። አሁን ጦርነት መጥቶ፣ ጨርቅ ጠፍቶ፣ ሰው ለዳቦ ከሌሊት ጀምሮ ሲሰለፍ፣ ቀሚስ ይባስ ብሎ ሰፋ! ሰፋና ደግሞ አጠረ። ጋዜጣው ሳይቀር “የባሌት ጉርድ መንገድ ላይ ወጣ” ብሎ አላገጠ።

“ጨርቅ ሲጠፋ ቀሚስ ሲሰፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?” አለች ግላፊራ።

“አንቺ ምን ቸገረሽ? ይስፋ! እኔ እንደ ሆንኩ በእሱ ነው የምኖረው” አልኳት። እውነትም ማታ ማታ ለእመቤቶች እሰፋ ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ የአንድ እንጨት ነጋዴ ሚስት ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ አረንጓዴ ሱፍ፣ ከታች እንደ ደወል የሰፋ፣ ጫፉ ላይ የሽኮኮ ፀጉር የዞረበት። መንጠቆ ስላጣሁ ብቻ ነው ያልጨረስኩት።

“የነጋዴው ሚስት ወገብ ግን እንደ በርሜል ነው አሉ” አለች ግላፊራ።

“ያንቺ ምላስ ይበልጣል!” አልኳት፤ ልጆቹ ሳቁ። ክሬን በጥርሴ በጠስኩ፤ መቀስ ማንሣቱ ስለሚያዘገየኝ ልማዴ ነው። የፊቴን ልጅ ቂጧን ቸብ አድርጌ፣ “በይ ሂጂ!” አልኳት። ሄደች። ካፓ ነበረች።

ሁለተኛው ክፍል አልቆ እረፍት ሲሆን እየሮጠች መጣች። ፊቷ በቀለም ነጭ ነው፣ ፀጉሯ ላይ የውኃ አበባ ጉንጉን አለ። እጇን ወደ ኋላ ልካ ጎተተች። አልተበጠሰም። እንደገና ጎተተች። “አክስቴ፣ አልበጠስ አለኝ” አለች እየሳቀች፣ ነገሩ ገና አልገባትም። አዙሬ አየኋት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! ከማጅራት እስከ ወገብ፣ ሠላሳ ስድስት ጥልፍ፣ ድርብ ክር፣ ሰም የተቀባ፣ ቋጠሮው ወደ ውስጥ የተደበቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ስፌት ሰፍቼ አላውቅም። አመል ያወጣል ከመሐል ይሉ የለ? አፌ ከግላፊራ ጋር ሲጣላ እጄ የለመደውን ሠራ።

“ምንድነው ያደረግሽኝ?” አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ፈርታ ነው።

እመት አዴላይዳ ጋ ሮጥኩ። “አንዲት መቀስ! ለአንዲት ደቂቃ!” አልኳት። “መጋረጃው ሲወርድ” አለችኝ። “እመት አዴላይዳ፣ በእናትሽ!” አልኳት። “የአባቴ ስም ካርል፣ የጀርመን ስም፣ መሆኑን እዚህ ቤት የማያውቅ የለም። አንድ ሰበብ ነው የሚጠብቁት። እኔን አታስበዪኝ፣ ኡስቲኒያ” አለችና ቁልፉን ጡቷ ውስጥ ከተተችው። እሷም ታስራለች፤ ማንን ልርገም? ተመልሼ ማጅራቷ ላይ ተደፍቼ በጥርሴ መንከስ ጀመርኩ። ሰም የተቀባ ድርብ ክር ነክሳችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ጥልፍ፣ ሦስት፣ አራት። አምስተኛው ሲበጠስ ጥርሴም ተሰበረ፣ ደም በነጩ ጨርቅ ላይ ተንጠባጠበ። ካፓ እየቆጠረች ነበር፤ “ስንት ቀረ? ስንት ቀረ?” ትላለች። ሠላሳ አንድ ቀርቶ ነበር። ሰዓቱ ደግሞ ዘጠኝ ከአሥር ሆነ።

እንዳለች እንዳትወጣ ደግሞ፣ የመድረክ ልብስ ለብሶ ከበሩ የሚወጣ ሰው የመንግሥት ንብረት ሰረቀ ተብሎ ነው የሚያዘው። የበር ጠባቂው አጎቴ ኒኪፎር ይህን ሕግ ከጸሎቱ አስበልጦ ያውቀዋል። ያኔ ነው ዓይኔ አረንጓዴው ካፖርት ላይ ያረፈው። ወይ ጉድ! የዘንድሮ እመቤት የምትለብሰው ምንድነው? አጭርና ተነፋፍቶ የቆመ ቀሚስ አይደል? ካፖርቱን አንስቼ ከነሐይቅ ልብሷ ላይዋ ላይ ጣልኩት። ልክክ አለ! ከሥሩ የተነፋፋው ነጭ ጉርድ ካፖርቱን እንዲያውም አሳመረው። አብሮ የተንጠለጠለውን የነጋዴውን ሚስት ሻሽ አበባው ላይ ጠመጠምኩ፣ እግሯን ቦት ጫማ ውስጥ ወተፍኩ። “መንጠቆ የለውም፣ በእጅሽ ያዢው። እንዳትለቂው!” አልኳት። የካልሲውን ቋጠሮ በብብቷ ይዛ ወጣች።

ከኮሪደሩ ጫፍ ሆኜ አየሁ። አጎቴ ኒኪፎር ያን ሁሉ ጢሙን ይዞ ብድግ አለ፣ ቆቡን አወለቀ፣ በሩን ከፈተላት። “እመቤቴ ይጠንቀቁ፣ ደረጃው ያንሸራትታል” አላት። አሥራ አምስት ዓመት በዚያ በር ስትገባ አንድ ቀን ቆቡን ነክቶላት አያውቅም። ሳቅኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ የተሰበረ ጥርሴን በእጄ ይዤ፣ ከነደሜ ሳቅኩ።

የመንደሩ ሰርግ ሊያልቅ ሲል ተመለሰች። ካፖርቱን ለብሳው አይደለም የመጣችው፤ በአንድ እጇ እየጎተተችው ነው። ባዶ ትከሻዋ ላይ በረዶ አለ። “ደረስሽ?” አልኳት። “ደረስኩ።” “አገኘሽው?” “አገኘሁት።” የካልሲው ቋጠሮ በብብቷ ውስጥ እንዳለ ነው። ደወል ተደወለ፣ ሄዳ ቦታዋ ላይ ቆመች። ከመጋረጃ ጀርባ አየኋት፤ ሠላሳ ሁለቱም እጃቸውን አንድ ላይ አነሡ፣ እሷም አነሣች። ረድፉ ሙሉ ነበር።

መጋረጃው ወርዶ መቀስ ሲሰጠኝ የቀረውን ሠላሳ አንዱን ቀደድኩ። ያኔ ነው ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ የነገረችኝ።

ጣቢያው በወታደር ታጭቋል። ሳቫ ሦስተኛው ፉርጎ በር ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሟል። ሰው አላሳልፍ አላት። “ሳቫ! ሳቫዬ!” ብላ ጮኸች፣ አላያትም። ጊዜ የለም፣ ባቡሩ ያፏጫል። ሁለቱን እጆቿን አንሥታ አወዛወዘች። ካፖርቱ ተከፈተ።

“ሮዝ ታይት፣ ነጭ ጉርድ፣ ደረቴ ላይ ያ ሁሉ የሚያብለጨልጭ ነገር። ሻሹም ወልቋል” አለችኝ። “ፉርጎው በሙሉ ጮኸ። ‘ኧረ እዩዋት! የመኮንኖቹን እርግብ እዩዋት! ቆንጅት፣ ነይ ግንባር ድረስ ሸኚን!’ አንዱ ደግሞ ሳቫን በክርኑ መታው። ‘ሳቫ ብላ ነው የጠራችው፣ ያንተ ናት እንዴ?’ አለው። ሳቫ አየኝ። አክስቴ፣ ዓይን ለዓይን ነው ያየኝ፣ ከዚህ እስከዚያ ግድግዳ አይርቅም። ‘አላውቃትም፣ ሌላ ሳቫ ይሆናል’ አለ። ከዚያ ባቡሩ ሄደ።”

እጄ የተናገርኩትን ሰምቶ ቢሆን ኖሮ፣ ግራጫ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ አስተማሪ መስላ ትደርስ ነበር። ያቅፋት ነበር። ካልሲውን ይወስድላት ነበር። “የኔ ጥፋት ነው፣ ካፓዬ” አልኳት። “አንቺ የሰፋሽው ልብሴን ነው” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከግንባር ሁለት ደብዳቤ መጣ። ቅማል በዛ ይላል፣ ገንፎው ቀጠነ ይላል፣ ትምባሆ ላኪልኝ ይላል። ስለ ጣቢያው የለም። በሁለተኛው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ ግን ሁለት መስመር በጥቁር ቀለም ተደልዟል። ደብዳቤ መርማሪዎቹ ናቸው የደለዙት? ወይስ ራሱ ጽፎ ተጸጽቶ? ካፓ ወረቀቱን መስኮት ላይ ለጥፋ ስታየው አገኘኋት፤ አንድ ፊደል እንኳ አልተነበበም። ትምባሆውን ላከች። በሐምሌ “ለአገሩ ወደቀ” የሚለው ወረቀት መጣ።

በሚቀጥለው የበረዶ ክረምት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ወደቀ። መንገዱ በቀይ ጨርቅ ተሞላ፣ ቴአትሩ ለሳምንታት ተዘጋ። ሲከፈት ሌላ ቤት ሆኖ ጠበቀን። ተቆጣጣሪው ጠፍቷል፣ እመት አዴላይዳ ከነአባቷ ስም ተባርራለች፣ አጎቴ ኒኪፎር ደረቱ ላይ ቀይ ሪባን ለጥፎ ማንንም አይጠይቅም። መቀሶቹ ግድግዳ ላይ ሚስማር ተመትቶላቸው ተሰቅለዋል፤ የፈለገ ያነሣል። በዚያው ሰሞን ለካፓ ከቮሎግዳ ከተማ ደብዳቤ መጣላት። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ነው፤ የአካል እንቅስቃሴና ውዝዋዜ አስተማሪ ይፈልጋል። ቤት ይሰጣል፣ ማገዶ ይሰጣል። አስተማሪ! እኔ በደስታ አለቀስኩ። እሷ ደብዳቤውን አጣጥፋ ከካልሲው ጋር ቅርጫቷ ውስጥ ከተተችው።

የመጀመሪያው ትርኢት ቀን መጥታ እንደ ወትሮው ጀርባዋን ሰጠችኝ። ክፍሉ ውርጭ ነበር፤ እግሯ ላይ ለሳቫ የሠራቻቸውን ካልሲዎች አድርጋለች። መርፌዬን ይዤ ቆምኩ።

“ካፓዬ፣ የቮሎግዳ ባቡር ነገ ጠዋት ነው” አልኳት። “በሩ ክፍት ነው። መቀሱም ያውና። ዛሬ ሦስት ቦታ ብቻ ጠቅ አደርገዋለሁ፤ በመሐል ደስ ባለሽ ሰዓት በጥሰሽው ውጪ። ማንም አይይዝሽም።”

ማጅራቷ ላይ የወረደውን ፀጉር በእጇ ሰብስባ ወደ ላይ ያዘችልኝ።

“አጥብቂው አክስቴ” አለችኝ። “ወዴት እሄዳለሁ?”

በዚያን ቀን ከማንም ጋር አላወራሁም። ሠላሳ ስድስቱንም ሰፋሁ፤ እያንዳንዱን እያወቅሁ።